ደምን በቀለም የለየ ሰው፤ የፓውል ኤርሊክ ታሪክ

ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ወራት ታናሽ እኅቴ ቴፒ ካለችው አክስታችን ዘንድ ወር ያህል ሰንብታ በተመለሰች በሳምንቷ ብርድ ብርድ እያላት ተኛች። የቴፒን ቈላ የሚያውቅ ሰው ወባ ነው ብሎ ለመገመት አይቸግረውም፤ ነገር ግን ግምትና ምርመራ ልዩ ልዩ ናቸውና እናቴ አዝላት፣ እኔም ከኋላ ተከትዬ ሚዛን ላይ ወደ ሐኪም ቤት ሄድን። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ከጣቷ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ በመስተዋት ላይ በስሱ ቀባት፤ ከደረቀችም በኋላ ቀለም አፈሰሰባት፤ አጥቦም በማይክሮስኮፕ ይመለከት ጀመር። ምን እንደሚያይ ደጋግሜ ስለ ጠየቅሁት ይሁን ወይም አዝኖልኝ፣ በመጨረሻ ከወንበሩ ተነሥቶ እኔም እንዳይ ፈቀደልኝ።

እሱ ሊያሳየኝ የፈለገው የወባውን ተሐዋሲ ነበር። አሳየኝም፤ በአንዱ ቀይ ሴል ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ በቀለበቱም ላይ እንደ ፈርጥ ያለች ቀይ ነጥብ አየሁ። ዓይኔ ግን ከዚያ ፈቀቅ ብሎ በሌላ ነገር ላይ ዐረፈ። በብዙዎቹ ፈዛዛ ቀይ ሴሎች መካከል ብቻውን የቆመ፣ በመጠኑ ከእነሱ እምብዛም የማይበልጥ፣ ክብና ጥቁር ሐምራዊ የሆነ ነገር ነበረ። ጥቅጥቅ ያለው አስኳሉ ሴሉን ከመካከል እስከ ዳር ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ በዙሪያው የሚታየው ስስ ሰማያዊ ጠርዝ ብቻ ነው። በቡና አገር ያደግን ልጆች ቀይ እሸት ቡና እየፈለፈልን መጠናል፤ ፍሬው ትልቅ፣ ሥጋው ስስ ነው። ልክ እንደዚያ መሰለኝ። ሠራተኛውም ስሙ ሊምፎሳይት መሆኑን ነገረኝ። ሥራው ምን እንደ ሆነ ስጠይቀው ግን በደጅ የተሰለፉት ሕመምተኞች ብዙዎች ነበሩና መምህሬን እንድጠይቅ መክሮ አሰናበተኝ።

መምህሬም መልሱን በመንገር ፈንታ መጽሐፍ አዋሱኝ። በመጽሐፉም ይህን ሴል ከሌሎቹ የደም ሴሎች በቀለም ለይቶ ያሳየው ፓውል ኤርሊክ የሚባል የጀርመን ሐኪም መሆኑን አነበብሁ። ይኸው ሰው የሰው አካል በሽታን እንዴት አድርጎ እንደሚከላከል በሐሳቡ ሥሎ ነበር። ዳሩ ግን ያየው ሴልና የሣለው ሐሳብ የአንድ ነገር ሁለት ወገን መሆናቸውን ሳያውቅ ሞተ። ይህ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ ታሪኩን ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባብያን ለማቅረብ ተነሣሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፓውል ኤርሊክ በ1854 በመጋቢት ወር ሽትሬህለን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተ ሰብ ተወለደ። ከተማዪቱ ያን ጊዜ በፕሩስያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የፖላንድ ናት። አባቱ የእንግዳ ማረፊያና የአረቄ ማውጫ ነበራቸው። ልጁ በትምህርት ቤት ሳለ ከሁሉ በፊት የሚታወቅ ተማሪ አልነበረም፤ በተለይ የጽሕፈት ድርሰት ያስጨንቀው ነበር ይባላል። የእናቱ ዘመድ የሆነው ካርል ቫይገርት ግን የታወቀ የሥነ ደዌ (ፓቶሎጂ) ተመራማሪ ሆነና የሰውነትን ሥጋ በስሱ ቈርጦ በቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ መመልከትን ለልጁ አሳየው። ኤርሊክ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀለም አልተለየም።

በዚያን ዘመን የጀርመን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ልዩ ልዩ ቀለም ማውጣት ጀምረው ነበር። ቀለሙ የሚሠራው ለልብስ ማቅለሚያ ነው። ኤርሊክ ግን ሌላ ነገር ታየው። እናቶቻችንና እኅቶቻችን የእንሶስላን ሥር ወቅጠው በእጃቸውና በእግራቸው ሲያስሩት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። እንሶስላው መዳፍንና ጥፍርን አጥብቆ ይይዛል፤ ብረት ምጣድ ላይ ቢያፈሱት ግን ታጥቦ ይሄዳል። ቀለም የሚወደውና የማይወደው ነገር አለው ማለት ነው። ኤርሊክም እንዲህ ሲል አሰበ፤ አንድ ቀለም ከሰውነት ክፍሎች አንዱን መርጦ የሚይዝ ከሆነ፣ በቀለሙና በዚያ ክፍል መካከል እንደ መቈለፊያና እንደ ቍልፍ ያለ መስማማት ሊኖር ይገባል። ይህ አንድ ሐሳብ የሕይወቱ ሥራ ሁሉ መነሻ ሆነ።

ሕክምና የተማረው በብሬስላው፣ በሽትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕሲግ ነው። ጓደኞቹ ለፈተና ሲያጠኑ እሱ ቀለም ይበጠብጥ ነበር፤ የሚሠራበትም ጠረጴዛ ከአንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር። ታላቁ ሐኪም ሮበርት ኮኽ አንድ ቀን ላቦራቶሪውን ሲጐበኝ፣ ይህ ልጅ በማቅለም ጐበዝ ቢሆንም ፈተናውን ከቶ አያልፍም ተብሎ ተነገረው የሚል ወሬ አለ። ወሬው እውነት ቢሆን ባይሆን፣ ኤርሊክ ፈተናውን አልፎ በ1878 ስለ ቀለም የጻፈውን ጽሑፍ በላይፕሲግ አቅርቦ ዶክቶር ተባለ። በዚያው ዓመት በበርሊን ሻሪቴ በሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ተቀጠረ። አለቃው ፕሮፌሰር ፍሬሪክስ የወጣቱን ጠባይ ያወቁ አስተዋይ ሰው ስለ ነበሩ የወደደውን እንዲመራመር ፈቀዱለት። እንዲህ ያለ አለቃ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

እዚያ ሳለ ነው ወደ ደም የተመለሰው። ከእሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት በደም ውስጥ ከቀዮቹ ሌላ ነጭ ሴሎች መኖራቸውን ያውቁ ነበር። ነገር ግን ቀለም ያልነካው ነጭ ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ውሃ የጠራ ስለ ሆነ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነበር። ኤርሊክ አንዲት ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ በስሱ ቀብቶ በጋለ መዳብ ላይ አደረቃት፤ ሴሎቹ በሙቀቱ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከዚያም ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸውን ቀለሞች አፈራርቆና ቀላቅሎ አፈሰሰባቸው። ከቀለሞቹ አንዳንዶቹ የአሲድ ጠባይ፣ ሌሎቹ የዚያ ተቃራኒ የሆነ ጠባይ አላቸው። በዚህ ጊዜ አንድ ይመስል የነበረው የነጭ ሴል ሕዝብ በየነገዱ ተለያየ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ኢዮሲን የሚባለውን ቀይ ቀለም ብቻ ጠጡ፤ ስማቸውም ኢዮሲኖፊል ተባለ። በሌሎቹ ውስጥ ያሉት ሰማያዊውን ወሰዱ። በሦስተኞቹ ውስጥ ያሉት ደግሞ ከሁለቱ ቅልቅል ቀለም ያዙ፤ እነዚህ ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው።

ስለ ኢዮሲኖፊል በመንገዴ ላይ አንድ ቃል ልናገር። እነዚህ ሴሎች በትላትል በሽታ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ይበዛሉ። በእኛ በደቡብ ምዕራቡ አገር ፈጣን ወንዝ ባለበት ሁሉ ጥቁሯ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚያጠፋ የኦንኮ ትል ለብዙ ዘመን ስላስቸገረን፣ የኤርሊክ ቀይ ፍሬዎች በአባቶቻችን ደም ውስጥ በርክተው እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም።

እነዚህ ሁሉ ከተለዩ በኋላ በውስጡ የሚቀለም ፍሬ የሌለው፣ አስኳሉ ግን ክብና ጥቁር የሆነ አንድ ወገን ቀረ። ሊምፎሳይት ይህ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሴሎች ሲኖሩ ነጮቹ ከ4,000 እስከ 11,000 ቢሆኑ ነው፤ ከነጮቹም በአዋቂ ሰው ዘንድ ከ100ው ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ሊምፎሳይት ናቸው። በልጆች ላይ ከዚህ ይበዛሉ። ኤርሊክ ፍሬ ያላቸውን ሴሎች ከአጥንት መቅኔ፣ ሊምፎሳይቶቹን ግን ከጣፊያና ከንፍፊት ዕጢዎች የሚወጡ ናቸው ብሎ ለያቸው። እግራችን ሲቈስል በብሽሽታችን የምናገኘው እብጠት፣ እኛ ንፍፊት የምንለው፣ ሊምፎሳይቶች የሚከማቹበት ዕጢ ነው። ከዚህ አልፎ ግን ለሊምፎሳይት ትልቅ ስፍራ አልሰጠውም። እንደ ሌሎቹ ነጭ ሴሎች በራሱ ኀይል የሚንቀሳቀስ አይደለም ብሎ ያምን ነበር።

በ1882 ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ሲያስታውቅ ኤርሊክ ከአድማጮቹ መካከል ነበር። ወዲያው ወደ ላቦራቶሪው ሄዶ ባክቴሪያውን ከኮኽ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ የማቅለም ዘዴ ፈለገ። ቀለም የነካቸውን መስተዋቶች በቀዝቃዛ ምድጃ ላይ ትቷቸው ሄዶ ሳለ ሌላ ሰው ሳያውቅ ምድጃውን አነደደው፤ ሙቀቱም ቀለሙን አጥብቆ አስያዘው ይባላል። ጥቂት ዓመቶች ቈይቶ ያንኑ ባክቴሪያ ከራሱ አክታ ውስጥ አገኘው። ያን ጊዜ ለሳንባ ነቀርሳ መድኀኒት አልነበረም። ወጣት ሚስቱን ይዞ ደረቅና ሞቃት አየር ፍለጋ በ1888 ወደ ግብጽ ሄደ፤ በ1889 ድኖ ተመለሰ። ሲመለስ ሥራ አልነበረውም፤ ደጉ ፍሬሪክስም ሞተው ነበር። በትንሽ የግል ላቦራቶሪ ሲሠራ ቈይቶ ኮኽ ወደ አዲሱ ተቋሙ ወሰደው።

በ1891 የሠራው አንድ ነገር በቀጥታ የእኛን አገር የሚነካ ነው። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም የወባን ተሐዋሲ አጥብቆ እንደሚይዝ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ቀለሙ ተሐዋሲውን መርጦ የሚይዝ ከሆነ ለምን አይገድለውም ብሎ፣ ከሥራ ባልደረባው ከጉትማን ጋራ ሆኖ ለሁለት የወባ ሕመምተኞች ሰጣቸው፤ ዳኑም። ቀለሙ ከኪኒን የተሻለ አልነበረምና ነገሩ ለጊዜው እዚያ ላይ ቆመ። ይሁን እንጂ በ1920ዎቹ የጀርመን ኬሚስቶች ከዚሁ ቀለም ተነሥተው፣ ሥሪቱን እየለዋወጡ ፕላስሞኪን የሚባል የወባ መድኀኒት አወጡ፤ ከፕላስሞኪንም ፕሪማኪን ተወለደ። እኅቴ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ስለ ተገኘባት ከሌላው ክኒን ጋራ ፕሪማኪን ለ14 ቀን ታዝዞላት ነበር። መራራነቱን እየጠላች በስኳር ስትውጠው፣ ደሟን ካቀለመው የጊምሳ ቀለም ጋራ የአንድ ቤት ዘር መሆኑን አላወቀችም። በጊምሳ ውስጥ ያሉት የሜቲሊን ብሉ ልጆችና ኤርሊክ የወደደው ኢዮሲን ናቸውና።

በዚያው ዓመት የጀመረው ሁለተኛ ምርምር ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ነው። የጉሎን ፍሬ የማያውቅ የለም፤ እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት ነው። በጉሎ ፍሬ ውስጥ ግን ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። ኤርሊክ ይህን መርዝ ለአይጦች በጣም ጥቂት በጥቂቱ ከምግባቸው ጋራ ይሰጣቸው ጀመር። መጠኑን ቀን በቀን እየጨመረ በሄደ ጊዜ አይጦቹ ሌላውን አይጥ ወዲያው የሚገድለውን ያህል መርዝ ወስደው ምንም የማይሆኑ ሆኑ። በደማቸው ውስጥ ያንን መርዝ ብቻ የሚያከሽፍ ነገር ተፈጥሯል፤ ለሌላ መርዝ ግን አይሠራም። ቀጥሎም መርዙን የለመደችው እናት አይጥ የሌላዪቱን ልጆች እንድታጠባ አደረገ። መርዝ ቀምሰው የማያውቁት ግልገሎች በወተቷ ብቻ ተጠበቁ። የእናት ወተት ምግብ ብቻ ሳይሆን ጋሻም መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይህን ለእናቴ ስነግራት እሷ ከጥንትም እንደምታውቀው ዐይነት ነው የሰማችኝ።

ያን ጊዜ ዘጊ አነዳ የኤውሮፓን ሕፃናት በጕሮሮአቸው አንቆ ይፈጅ ነበር። ቤሪንግና ኪታሳቶ በ1890 የዚህ በሽታ መርዝ ከተሰጠው እንስሳ ደም ፀረ መርዝ እንደሚገኝ አሳዩ። ነገር ግን መድኀኒቱ አንዱ ብልቃጥ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ እየሆነ አስቸገረ። ኃይሉን በትክክል የሚለኩበትን መንገድ ያበጀው ኤርሊክ ነው። ሲለካም አንድ ጥያቄ ያሳስበው ጀመር፤ ይህን ፀረ መርዝ የሚሠራው ማን ነው፣ እንዴትስ መርዙን ለይቶ ያውቀዋል?

በ1897 የሰጠው መልስ ይህ ነው። በሴል ገላ ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው እንደ እጅ ያሉ ነገሮች በቅለዋል። መርዝ ሲመጣ ከእጆቹ አንዱ፣ ልኩ የሆነው፣ ይይዘዋል። ሴሉም ያ እጅ ስለ ተያዘበት በምትኩ ብዙ እጆችን ያበቅላል፤ ከሚፈለገው በላይ ሲበዙም ተቈርጠው ወደ ደም ይፈስሳሉ። በደም ውስጥ የሚዋኙት እነዚህ እጆች መርዙን ገና ሴል ሳይደርስ በመንገድ ይይዙታል። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ የማይያዝበትን ምክንያት አያቶቻችን ያስተዋሉት ነገር ነው፤ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ግን በሥዕል ያስረዳው እሱ ነው። ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳና ባገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ይሥል ነበር። ወረቀት ባጣ ጊዜ የሸሚዙ እጅጌም አይቀርም።

ጠባዩ ለሚያውቁት ሰዎች ሁሉ መሣቂያም መወደጃም ነበር። የሲጋር ሣጥን በብብቱ ይዞ ይዞራል፤ በቀን 25 ያህል ብርቱ ሲጋር ያጨስ ነበር፤ ይህን የምጽፈው ግን ለምሳሌነት አይደለም። በቢሮው ውስጥ መጽሐፍና ወረቀት ወንበሩንም ወለሉንም ስለ ሞላው እንግዳ የሚቀመጥበት አልነበረም። ለረዳቶቹም የየዕለቱን ትእዛዝ በቀለማም ትናንሽ ካርዶች ላይ እየጻፈ ያድላቸው ነበር። ማታ ማታ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብ ይወድ ነበር።

በ1899 ወደ ፍራንክፉርት ተዛውሮ የትልቅ ተቋም አለቃ ሆነ። በ1908 ከሩስያዊው ከኢሊያ ሜችኒኮፍ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሁለቱ ለብዙ ዓመት ተከራካሪዎች ነበሩ፤ ሜችኒኮፍ አካልን የሚጠብቁት ተሐዋሲን የሚበሉ ሴሎች ናቸው ሲል፣ ኤርሊክ በደም ውስጥ የሚዋኘው ፀረ አካል ነው ይል ነበር። ሸላሚዎቹ ለሁለቱም መስጠታቸው ጥሩ ፍርድ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋልና። በ1909 ጃፓናዊው ረዳቱ ሃታ 606 የሚል ቍጥር የተሰጠውን የአርሴኒክ ቅመም ሲፈትን ቂጥኝን እንደሚያድን አገኘ፤ በ1910ም ሳልቫርሳን ተብሎ ለዓለም ወጣ። ብዙዎች ኤርሊክን የሚያውቁት በዚህ መድኀኒት ነው፤ እኔ ግን ቶሎ አልፌዋለሁ፤ የያዝሁት የሊምፎሳይት ነገር ነውና።

ኤርሊክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በነሐሴ 1915፣ በ61 ዓመቱ ሞተ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ አይሁዳዊ ነው ብለው በፍራንክፉርት በስሙ የተጠራውን ጐዳና ስም ፋቁ፤ ሚስቱም ወደ አሜሪካ ተሰደደች። ጐዳናው ከጦርነቱ በኋላ ስሙን መልሶ አገኘ፤ ቈይቶም በጀርመን 200 ማርክ ብር ላይ መልኩ ታተመ።

ሊምፎሳይት ግን ከእሱ ሞት በኋላ አርባ ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጄምስ ጎዋንስ የተባለ እንግሊዛዊ በኦክስፎርድ የአይጥን የሊምፍ ቱቦ ከፍቶ ሊምፎሳይቶቹን አፈሰሰ፤ መልሶም ቢሰጣቸው ከደም ወደ ዕጢ፣ ከዕጢ ወደ ደም ሲመላለሱ አገኛቸው። አይንቀሳቀስም የተባለው ሴል ዕድሜውን ሁሉ መንገደኛ ነው። ሊምፎሳይቶቹን ያጣች አይጥ ደግሞ ለአዲስ ወራሪ ፀረ አካል መሥራት ይሳናታል፤ ሲመለሱላት ትሠራለች። በ1961 ዣክ ሚለር የታይመስ ዕጢ በልደታቸው የወጣባቸው አይጦች መከላከያ እንደሚያጡ አሳየ። ቀጥሎም ሁለት ዋና ነገድ መኖሩ ታወቀ፤ ቲ የሚባሉት በታይመስ የሚሠለጥኑ ናቸው፤ ቢ የሚባሉት ፀረ አካል አምራቾች ናቸው። በቢ ሊምፎሳይት ገላ ላይ የሚታዩት ተቀባዮች ኤርሊክ በሰሌዳ የሣላቸው እጆች ናቸው ቢባል ስሕተት የለውም። ልዩነቱ፣ እሱ አንዱ ሴል ብዙ ዓይነት እጅ አለው ብሎ ነበር፤ እውነቱ ግን እያንዳንዱ ሊምፎሳይት አንድ ዓይነት ብቻ ይዞ መኖሩና ልኩ የሆነው ጠላት ሲመጣ ያ አንዱ መባዛቱ ነው። ይህን በ1957 አውስትራልያዊው በርኔት አስረዳ።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሊቅ እንዴት ሳያገጣጥመው ቀረ? እኔ ተማሪ ነኝና ፍርዴ ቢያንስ ይቅር ይባልልኝ፤ ምክንያቱ ራሱ ቀለሙ ይመስለኛል። ቀለም የነካው ሴል የሞተ ሴል ነው፤ መልኩን ያሳያል እንጂ ሲሄድና ሲሠራ አያሳይም። ደግሞም ኤርሊክ በውስጣቸው የሚያማምሩ ፍሬዎች ባሏቸው ሴሎች ልቡ ተማርኮ ነበር፤ ፍሬ የሌለው ሊምፎሳይት ለዓይኑ የሚነግረው ጥቂት ነበር።

ሊምፎሳይት ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ አገራችን በመራራ መንገድ ተምራለች። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ከቲ ሊምፎሳይቶች ሲዲ4 የሚባለውን ምልክት የያዙትን ነው፤ እነሱ ሲያልቁ ተራ በሽታ ሁሉ ገዳይ ይሆናል። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች አብረው ሲሠሩ የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቍጥር ከሆላንዳውያን ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የሌላ አገር ሰው ደም የተለካበትን ልክ እንዳለ ወስዶ በእኛ ላይ መፍረድ እንደማይገባ ታየ።

እኅቴ ክኒኗን ጨርሳ ከተሻላት በኋላ ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ ሄድሁ። ቀኑ የገበያ ቀን አልነበረምና ሰው ጥቂት ነበር። ሠራተኛው የእሷን መስተዋት ገና አልጣለውም፤ አብረን ተቀምጠን 100 ነጭ ሴል ቈጠርን። 43ቱ ሊምፎሳይት፣ 5ቱ ኢዮሲኖፊል ሆኑ። በሁለቱ ላይ ግን እኔና እሱ አልተስማማንምና ለብቻቸው ጻፍናቸው።